ከአውቶቡስ የወደቀው ካርድ

ባልደረቦቼ ስለ ፍቅርና ስለ ታክሲ ሰልፍ በሚጽፉበት ገጽ ላይ እኔ ዛሬ ስለ ግራፊክስ ካርድ ልጽፍ ነው። አውቃለሁ፣ ግማሻችሁ ከወዲሁ ማዛጋት ጀምራችኋል። ግን ታገሡኝ። ነገሩ ውስጥ እኅቴ አለችበት፣ የእኔ ክብር አለበት፣ ትንሽ ጸበልም አለበት።

ጥር 2016 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ሰሞን። ታናሽ እኅቴ የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሥራዋን መምህራኖቿ ፊት የምታቀርብበት ቀን ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ በሬ ተንኳኳ። እኅቴ ደህና ስትሆን «ጋሼ» ትለኛለች፤ ስትናደድ በስሜ ትጠራኛለች። ያን ሌሊት በስሜ ጠራችኝ።

«ያንተ ነገር ጠቆረ» አለችኝ።

«ያንተ ነገር» ያለችው ኮምፒውተሩን ነው። ኮምፒውተሩ የራሷ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የእኔ ጣጣ ነው። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ነበር የምትጠቀመው፤ ያው እንደ ሁላችንም ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ። ፍላሽ ዲስኳን ኅትመት ቤት ሰክታ በተመለሰች ቁጥር ፎልደሮቿ ሁሉ ወደ ሾርትከት ይለወጣሉ። አንድ ቀን የሦስት ሳምንት ሥራዋ እንዲሁ ሲጠፋ እኔ ታላቅ ወንድም ሆኜ ተነሣሁ፦ «ኡቡንቱ እጭንልሻለሁ፣ ቫይረስ የሚባል ነገር ትረሺያለሽ» አልኳት። ፕላንና ሴክሽኑን ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ በአውቶካድ ትሠራለች፤ 3ዲውንና ሬንደሩን ደግሞ ቤት በብሌንደር። (ብሌንደር ነፃ የሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ከባለሀብቶቹ ገዝተው ለዓለም ለቀቁት። ይህን ታሪክ ለእኅቴ ቢያንስ አራት ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ አራቱንም ጊዜ አላዳመጠችኝም።)

ስለ እኔና ስለ ሊኑክስ ትንሽ ልበላችሁ። ተማሪ ሳለሁ ኡቡንቱ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ። አድራሻ ሞልተህ ትረሳዋለህ፣ ከሳምንታት በኋላ ፖስታ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ቆንጆ ካርቶን ይጠብቅሃል። ከውጭ አገር ማንም ምንም ልኮልኝ ለማያውቀው ለእኔ ያ ሲዲ እንደ ዘመድ ደብዳቤ ነበር። ያኔ ስክሪን እምቢ ሲል ኤክስኦርግ-ኮንፍ የሚባል ፋይል ከፍተን በእጃችን እንጽፍ ነበር፤ ግማሹን ሳንረዳው። እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈኝ አንድ አጉል ኩራት አለ፦ ስክሪን ጠቆረ ማለት ድራይቨር ነው፣ ድራይቨር ደግሞ የእኔ ነው። ይህን ኩራት ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ያን ሌሊት ገመዱን ነካክቼ፣ ነቅዬ፣ መልሼ ሰክቼ ሳልጨርስ መብራት ጠፋ። ጠዋት እኔ ሥራ ስሄድ እኅቴ አላስችል ብሏት ሳጥኑን በራይድ ጭና ጥገና ቤት ወሰደችው። ባለሙያው ሰካው፣ አየው፣ ፈረደ፦ «ካርዱ ተቃጥሏል። ዩዝድ ከፈለግሽ አሥራ ስምንት ሺህ ብር።» እኅቴ ማታ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። እማዬ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ «የጥምቀት ጸበል ተርፎኛል፣ ትንሽ ብረጭበትስ?» አለች። ኤሌክትሪክ ነው፣ ውኃና ኤሌክትሪክ አይዋደዱም ብለን በስንት ልመና አስጣልናት። ትንሽ ግን በሩ ላይ ረጭታለች።

ባለሙያውን አልወቅስም። እሱ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ ዊንዶውስ ነው። የማያውቀው ነገር ጠቁሮ ሲመጣበት ካርዱን ከመጠርጠር ሌላ ምን ያድርግ? እኔ ግን ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳበራው አንድ ነገር አየሁ። የፋብሪካው ሎጎ ወጣ። ለሁለት ሰከንድ፣ ቦግ ብሎ ጠፋ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ የዚህ ነገር ቁልፍ እዚህ ነው። የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር ዜዮን ነው። እንደ ብዙዎቹ ላፕቶፖች በሆዱ ውስጥ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚታይ ማንኛውም ነገር፣ አንዲት ነጥብ ሳትቀር፣ የሚያልፈው በካርዱ በኩል ነው። የሞተ ካርድ ደግሞ ሎጎ አይሥልም። ሞኒተሩ ደህና ነው፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ካርዱም ቢያንስ ነፍሱ አለች። የጠፋው ከሎጎው በኋላ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካርዱን ሊረከበው ሲል ነው። (ግማሽ የሞተ ካርድም ሎጎ መሣል ይችላል፤ ሎጎ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ማሰብ ነበረብኝ።)

ድራይቨር ምንድን ነው ለምትሉ፦ አስተርጓሚ ነው። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ እምብርት አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ካርዱ ሌላ። በመሀል አስተርጓሚ ይቆማል። የኢንቴልና የኤኤምዲ አስተርጓሚዎች ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ ከከርነሉ ጋር አብረው ያድጋሉ፤ ከርነሉ ሲታደስ አብረው ይታደሳሉ። የእኅቴ ካርድ ግን የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ነው። ለኤንቪዲያ ሁለት አስተርጓሚ አለ። አንዱ ኑቮ ይባላል። በጎ ፈቃደኞች ካርዱን ከውጭ እያዩ፣ ምን ሲባል ምን እንደሚመልስ እየመዘገቡ የሠሩት ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ከርነሉ ውስጥ ገባ። ሌላው ኩባንያው ራሱ የሚሰጠው ዝግ ድራይቨር ነው። ፈጣን ነው፤ በኩዳ በኩል ካርዱ ላይ ሬንደር ማድረግ ከፈለጋችሁም የግድ እሱ ነው። ነገር ግን ከከርነሉ ጋር አብሮ አይኖርም። ከርነል በተለወጠ ቁጥር ከአዲሱ ጋር የሚገጥመው ክፍል እዚያው እናንተው ማሽን ላይ እንደገና መሠራት አለበት። ይህን የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የሚባል ትንሽ ባለሙያ ነው፤ ለሥራው ደግሞ ኮምፓይለር ያስፈልገዋል።

የሊኑክስ አባት ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ስለ ኤንቪዲያ ሲጠየቅ ካሜራ እያየ የመሀል ጣቱን አውጥቶ ነበር። ያኔ እኛ ልጆቹ አጨበጨብን። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ኩባንያው የከርነል ክፍሉን ኮድ ከፈተ፤ ነገር ግን ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች ብቻ። የእኛዋ 750 ቲአይ የ2014 ልጅ ናት። ለእሷ አልደረሰም።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። ሲስተሙ ሲነሣ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ግረብ የሚባለውን ሜኑ ያወጣል (ባንዳንዱ ማሽን ኢስኬፕ ነው)። እዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ስገባ ሁለት ከርነል ተደርድሯል፦ 6.5 እና 6.2። አዲሱ የመጣው በዚያው ሳምንት አፕዴት ነው። አሮጌውን መረጥኩ፣ ኢንተር አልኩ፣ ጠበቅን።

ዴስክቶፑ መጣ። የብሌንደሩ ፋይል፣ የእኅቴ ሕንፃ፣ ሁሉም ነገር በቦታው። እማዬ እልል አለች። (ጸበሉ ነው አለች። አልተከራከርኩም።)

እንግዲህ አሥራ ስምንት ሺህ ብሯ በኪሷ ቀረ። ያው ካርድ፣ ያው ገመድ፣ ያው ሞኒተር፤ የተለወጠው ከርነሉ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና ከሺህ ግምት ይበልጣል። አሮጌ ከርነል የሌለው ሰው እዚያው ግረብ ላይ «ኢ»ን ተጭኖ ሊኑክስ በሚለው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» ብሎ ጽፎ ማስነሣት ይችላል። ስክሪኑ የተጎሳቆለ ይሆናል፣ ግን ገብተህ መሥራት ትችላለህ።

ከዚያ ጥፋተኛውን ፍለጋ ገባሁ። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» አልኩት፦ ለ6.2 ተሠርቷል፤ ለ6.5 ዝም። የሥራ መዝገቡን ከፈትኩ። ረጅም ነው። ታች፣ ከስህተቱ በላይ ጥቂት መስመር ወጣ ብሎ፣ እንዲህ ይላል፦ «ጂሲሲ-12፣ ኖት ፋውንድ»። አዲሱ ከርነል የተሠራው በጂሲሲ 12 ኮምፓይለር ነው፤ ድራይቨሩም በዚያው እንዲሠራለት ይፈልጋል። ማሽኑ ላይ ያለው 11 ብቻ ነው።

12 የት ሄደ? ትዝ አለኝ። ከገና በፊት እኅቴ ዲስኳ ሞላባት፤ 120 ጊጋ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ እንደ ወንድም ቤት ላጸዳ ገባሁ። ሁለት ኮምፓይለር አየሁ። ለአንድ ቤት ሁለት ምጣድ ምን ያደርጋል ብዬ አንዱን አራገፍኩት። በኩራት። «ይኸው፣ ቦታ አስለቀቅኩልሽ» ብያት ነበር እኮ።

ይህን ለእኅቴ አልነገርኳትም። ዛሬ ነው የምታነበው።

ጂሲሲ 12ን መልሼ ጫንኩ፣ ዲኬኤምኤስ በስድስት ደቂቃ ሥራውን ጨረሰ፣ ሪስታርት፣ 6.5 ላይ ዴስክቶፑ መጣ። ያን ማታ ምግብ ላይ ብዙ አወራሁ። ለማንኛውም ይጠቅማችኋል ብዬ ሌላ ታሪክም ጨመርኩ፦ በ2011 እ.ኤ.አ. በምብልቢ የሚባል ሁለት ካርድ ላላቸው ላፕቶፖች የተሠራ ፕሮግራም ነበረ። የመጫኛው ስክሪፕት የቆየ የድራይቨር ፎልደር እንዲያጠፋ ሲጻፍ በአድራሻው መሀል አንዲት ባዶ ቦታ ገባች። በዚያች ባዶ ቦታ ምክንያት ስክሪፕቱ ትንሿን ፎልደር ትቶ «ዩኤስአር» የተባለውን የሲስተሙን ግማሽ አካል ጠራርጎ ይበላ ጀመር። ስለዚህ የማታውቂውን ትእዛዝ አትቅጂ፣ ብዬ መከርኳት። ሳላስብ ኮምፓይለር የሚያራግፍ ሰው ነው የሚመክራት።

ሦስተኛው ቀን ላይ እንደገና ጠቆረ።

አሁን ግን አጠቋቆሩ ሌላ ነው። ሲስተሙ ደህና ተነሥቷል፣ ሠርታበታለች፣ ሬንደር አስጀምራ ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ስክሪኑ ድርግም አለ። ከስልኬ በዋይፋዩ በኩል ገባሁበት፤ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ ፋይሎቹም አሉ፣ ፊቱ ብቻ ነው የጠፋው። መዝገቡን አየሁ። «ኤክስአይዲ 79» ይላል፣ ቀጥሎ «ጂፒዩ ሀዝ ፎለን ኦፍ ዘ በስ»። ቃል በቃል፦ ካርዱ ከአውቶቡሱ ወድቋል።

እኅቴ ትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው። «ከየትኛው አውቶቡስ? ከአንበሳ?» አለች። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሁለታችንም ሳቅን። «በስ» እዚህ ላይ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ከርነሉ ካርዱን ይጠራዋል፤ ካርዱ አይመልስም።

እዚህ ላይ ነው ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ኩራት የሚመጣው። አንድ ካርድ ከበሱ የሚወድቅባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው የሚጨበጡ ናቸው፦ ሙቀት፣ የፓወር ሰፕላይ ድካም፣ በደንብ ያልተሰካ ካርድ። ይህን አውቃለሁ። ያኔም አውቀው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ድራይቨር ጥፋተኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንዴ የሰረቀ ሁልጊዜ ሌባ ነው ብዬ ሦስት ሌሊት ድራይቨሩን ደበደብኩት። 535ን አነሣሁ 525ን ጫንኩ፤ 525ን አነሣሁ 470ን ጫንኩ። ወደ አሮጌው ከርነልም ተመለስኩ። ሁሉም ላይ ከሃያ ደቂቃ ሬንደር በኋላ ድርግም። ከርነል 6.2 ላይም፣ 6.5 ላይም፣ በሦስቱም ድራይቨር። ይህ ራሱ መልስ ነበር እኮ! ሶፍትዌሩን ሁሉ ለዋውጬ ሕመሙ ካልተለወጠ ሕመሙ ሶፍትዌሩ ውስጥ አይደለም። ሰው የራሱን መልስ ግን መስማት ካልፈለገ አይሰማም።

ቀኑ አራት ቀን ቀርቶታል። እኅቴ ሬንደሯን ቆራርጣ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እያቋረጠች፣ ማሽኑን እያሳረፈች መሥራት ጀምራለች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አራተኛ ድራይቨር ስፈልግ ድንገት እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? ጠዋት ጠዋት ስሠራበት ሰላሳ ደቂቃ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ አሥራ አምስት አይሞላም። ድራይቨር ፀሐይ ያውቃል እንዴ?»

ዝም አልኩ።

ሬንደር አስጀመርን፤ በሌላ መስኮት «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ»ን ከፍተን የሙቀቱን ቁጥር ጎን ለጎን አየን። 61። 74። 83። 90። ለዚህ ካርድ ፋብሪካው የሰጠው ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው። 94 ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ። ሦስት ሌሊት የፈጀሁበትን ነገር አንዲት ትእዛዝ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ነገረችኝ፤ ትእዛዟ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ማሽኑ ላይ ነበረች።

ሳጥኑን ከፈትነው። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የካርዱ አየር መሳቢያ ክንፎች መሀል ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጠቅጥቆ ማራገቢያው በጣት ሲገፋ እንኳ እየተንቀራፈፈ ነው የሚዞረው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለን፣ ካርዱን አውጥተን፣ በእኅቴ የቀለም ብሩሽ (ለሞዴል ሥራ የምትጠቀምበት) ክንፎቹን አንድ በአንድ ጠረግን። ማራገቢያውን በጣታችን ይዘን ነው የጠረግነው፤ ሲነፉት በኃይል እየዞረ እንዳይበላሽ። በቺፑና በብረቱ መሀል ያለው ፔስት እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በማግስቱ አንድ ትንሽ ሲሪንጅ ፔስት ገዝቼ፣ የቆየውን በአልኮል አጽድተን፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርገንበት መልሰን ገጠምን።

የዚያን ዕለት ሬንደር ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሙቀቱ 71 ላይ ቆመ። ቁጥሩን እንደ ኳስ ውጤት እየተፈራረቅን ነበር የምናየው፤ እማዬ ሳትቀር ከማዕድ ቤት «ስንት ደረሰ?» ትላለች።

ያ ባለሙያ ታዲያ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? አሁንም አልወሰንኩም። ካርዱ አልተቃጠለም፤ ነገር ግን እየተቃጠለ ነበር። እኔ «የሞተ ካርድ ሎጎ አይሥልም» ብዬ ባሸነፍኩት ክርክር ውስጥ እሱም አንድ ያየው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ምናልባት ሳጥኑን ሲነካው ትኩሳቱን አውቆት ይሆናል። ጠይቄው አላውቅም። አፍሬ ነው።

እኅቴ ሥራዋን በቀኑ አቀረበች፣ ሐምሌ ላይ ተመረቀች፣ አሁን ቢሮ ተቀጥራ ትሠራለች። ሳጥኑን ከእኛ ቤት ስትወጣ ይዛው ሄዳለች። ኤንቪዲያ በ2025 እ.ኤ.አ. ማክስዌልን፣ ማለትም የእሷን ካርድ ትውልድ፣ የሚደግፈው የመጨረሻው የድራይቨር ትውልድ 580 መሆኑን ሲያስታውቅ ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ ከርነሉ እየገፋ ሲሄድ አስተርጓሚው ወደኋላ ይቀራል፤ አንድ ቀን ወይ ኑቮ ላይ መኖር ወይ ካርድ መለወጥ ነው። «እስከዚያ ድረስ እሷ ትሠራልኛለች፣ አታሟርትባት» አለችኝ። ካርዷን «እሷ» ነው የምትላት።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደግሞ እሷው ደወለች።

«ጋሼ፣ አዲስ ከርነል መጥቷል። ልበለው?»

«ጂሲሲ አለ?»

«አለ። ከአሁኑ ከርነል ጋር የሚሄደውን አየሁት። የድሮውም ከርነል ግረብ ውስጥ አለ። አቧራውንም ዛሬ ጠዋት ጠርጌያለሁ።»

«በይው እንግዲህ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችም። ማራገቢያው ሲነሣ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ሎጎው ወጥቶ እስኪጠፋ፣ ከዚያም ዴስክቶፑ እስኪመጣ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን።